ያልተጣራሁበት ቁልቁለት

የንስሐ አባቴ የፈቱኝ ከወተቱ ነው። በሁዳዴ ወተት መቅመሴን፣ ጎረቤቴን መስደቤን፣ ገበያ ላይ በሐሰት መማሌን አንድ በአንድ ነግሬያቸዋለሁ። አንዷን ግን በትንንሾቹ እየሸፈንኩ ከአርባ ዓመት በላይ አሻገርኳት። ለሚስቴ አልነገርኩም፣ ለልጆቼ አልነገርኩም፣ ሰክሬም አላመለጠችኝም። እናንተ የምታነቡኝ መስቀል አልያዛችሁም፤ አትፈቱኝም፣ አታስሩኝም። ለእናንተ ለመናገር የደፈርኩት ለዚህ ይመስለኛል። ፈሪ መሆኔን ከወዲሁ እወቁልኝ።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምትባለው ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ በእኛ መንደር በኩል፣ ጫካ ውስጥ የሚወርድ ፏፏቴ አለ። የአቦ ጠበል ነው። ሰው ራቁቱን የሚጠመቅበት ስለሆነ የቆየ ደንብ አለው። ከቁልቁለቱ አፋፍ፣ ከሾላዋ ስር የደረሰ ሰው ሁሉ ቆሞ "መንገደኛ ነን!" ብሎ ይጣራል። ከዚያ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ ይጠብቃል። ከታች "ቆዩ" ካሉት ይቆያል፤ መልስ ካጣ ይወርዳል። ይህን ደንብ ማንም አስተምሮኝ አያውቅም፣ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነው። ሳይጣራ የሚወርድ ሰው ከሌባ ይቆጠራል።

እኔ ሳልጣራ ወረድኩ። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ ይህችን ቃል ለማስረዘም ነው።

ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነበር። ከወረራው በፊት ምጽዋ ወርጄ ሁለት ዓመት ጭነት ስሸከም ጣሊያንኛ ለቃቅሜ ነበርና፣ ቡሬ ላይ መንገድ ለሚያሠራ አንድ መሐንዲስ አስተርጓሚ ሆንኩ። እንጀራ ነው አልኩ። ስንቱ "እንጀራ ነው" ብሏል በዚያ ዘመን? መሐንዲሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ስል እንኳ ለራሴ ጥብቅና የቆምኩ እየመሰለኝ እፈራለሁ። ፏፏቴ ይወድ ነበር። ሌላው ጣሊያን ዶሮ ሲያሳድድ እሱ ውሃ ያሳድዳል። ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሁሉ ገና ሙሉ ሳለ፣ በመስከረም፣ የሥራ ጉዞ ነው ብሎ በካሚዮን፣ በጭነት መኪና፣ ጭኖን ከቡሬ ተነሣን። እሱ፣ ሾፌሩ፣ ለጣሊያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮች አለቃ የሆነ አንድ ሹምባሽ ከአራት አስካሪዎቹ ጋር፣ እና እኔ ነበርን። እሱ ፎቶ ማንሻውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ነበር የተቀመጠው።

የመጀመሪያው ቀን ፈጠም ወንዝ ላይ አንድ ፏፏቴ አየን። ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ እኔ ሳላስበው፣ በልማድ፣ "መንገደኛ ነን!" ብዬ ተጣራሁ። ሹምባሹ ዞር ብሎ አየኝ። ለማን እንደጮህኩ ጠየቀኝ። ውሃ ዳር ሴቶች ቢኖሩ እንዲለብሱ ነው አልኩት። ወረድን፤ ማንም አልነበረም። ሴቶቹ የታሉ አለኝ። ሳቅሁ፣ እሱ ግን አልሳቀም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዓይኑ ከጀርባዬ አልወረደም። መብላት ስጀምር ያየኛል፣ ከነጋዴ ጋር ስነጋገር ያየኛል፣ ሽንት ልሸና ስወጣ አስካሪ ይከተለኛል።

መሐንዲሱ ግን ኮፍያውን አውልቆ ውሃውን እያየ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ደረቴ ተነፋ። ይህቺ ምን አላት፣ የእኛን መንደር ፏፏቴ ቢያዩት አልኩት። ማን ጠየቀኝ? ማንም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ጫካ ውስጥ በዚያ ዘመን እነማን እንደሚኖሩ አላውቅም ነበር ልበላችሁ? አውቃለሁ። የእህቴ ባል አስማረ ራሱ ዱር ከገባ ዓመት አልፎት ነበር። ግን ጫካው ሰፊ ነው አልኩ፣ እሱም ከሩቅ ቆላ ነው የሚባለው አልኩ። ባዕድ ሰው አገሬን እንዲያደንቅልኝ ፈለግሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ካሚዮኑ መንደራችን ዳር ቆመ። መንደርተኛው ግማሹ ወደ ማሳው ሸሸ። እህቴ የሺ ግን አልሸሸችም። ታላቄ ናት፤ እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ነች፣ እታለም ነው የምላት። መሐንዲሱ ዘመዶቼን እንድስም ጥቂት ጊዜ ሰጠኝ። ጉንጬን እየሳመች በጆሮዬ ነገረችኝ፦ አስማረ ጭኑን በጥይት ተመትቶ መጥቷል፣ ፏፏቴው ስር ጠበል ከገባ አምስት ቀኑ ነው፣ ብቻውን ነው። ወዴት እንደምንሄድ ስነግራት እጇ ትከሻዬ ላይ ደረቀ። ቀድማ ሮጣ እንዳታስጠነቅቀው ደግሞ፣ ሹምባሹ እስክንመለስ ከመንደሩ ማንም እንዳይወጣ ብሎ ሁለት አስካሪዎች መንገዱ ላይ አቁሞ ነበር።

"ስትወርድ ተጣራ" አለችኝ። "ድምፅህን ያውቀዋል። ከውሃው ጀርባ ዋሻ አለ፣ እየተሳበም ቢሆን ይገባል። በሞቴ ጥሩነህ፣ ተጣራ።"

"እጣራለሁ፣ እታለም። አቦን እጣራለሁ።"

የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነበር። በሁለቱ ሰዓት ውስጥ ያልቀባጠርኩት የለም። ወንዙ ሞልቷል አልኩ፤ መሐንዲሱ ደስ አለው። ነብር አለ አልኩ፤ ጭራሽ ፎቶ ማንሻውን አዘጋጀ። መንገዱ ያዳልጣል አልኩና እኔው ወድቄ ጉልበቴን ቆረጥኩ። አንሥቶኝ በራሱ መሐረብ አሰረልኝ። ሹምባሹ ከኋላ ሆኖ ዓይኑን ከእኔ አይነቅልም። ግን አንድ ነገር ያጽናናኝ ነበር፦ መጣራት ደንብ ነው። ትናንትም ተጣርቻለሁ። ዛሬም ብጣራ ሰበብ አለኝ። እንደዚያ እያልኩ ሾላዋ ስር ደረስኩ።

ከላያችን ጉሬዛዎች ነበሩ። ስድስት ወይም ሰባት ይሆናሉ፣ ጥቁርና ነጭ ጠጉራቸውን አንጠልጥለው ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። መሐንዲሱ አያቸውና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወደ እኔ ፈገግ አለ። ዝም በል፣ እንዳይሸሹ ማለቱ ነው። ሹምባሹን አየሁት። እሱ ዝንጀሮም ሆነ ጉሬዛ አያይም፣ የሚያየው አፌን ነው። አፌን ከፈትኩ። አየር ሳብኩ። "መን" የምትለዋ ድምፅ ምላሴ ላይ ነበረች፣ እስከ ዛሬ አለች። ብጣራ ይህ ሰው ዛሬስ ለማን ነው ይለኛል፣ ወርዶ የሸሸ ሰው ዱካ ቢያገኝ ቡሬ ገበያ ላይ ያሰቅለኛል ብዬ አሰብኩ። ይህ እውነት ነው። ግን ሙሉው እውነት ይህ ብቻ ቢሆን ምነው በወደድኩ። መሐንዲሱ እንደ ጓደኛ ፈገግ ብሎልኛል፣ ያንን ፈገግታ ማበላሸት አልፈለግሁም። የትኛው ይበልጥ አፌን ዘጋው? ስንት ዓመት መዘንኩት፣ አልለይልህ አለኝ። አልተጣራሁም። አልሳልኩም እንኳ። ድንጋይ ላንከባልል እችል ነበር፣ እንደ ቅድሙ ልወድቅና ልጮህ እችል ነበር። አልወደቅሁም። በደንብ እየረገጥኩ ወረድኩ።

አስማረ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ውሃው ውስጥ ዘርግቶ ነበር። ጠመንጃው ከኋላው ጋቢው ላይ ተኝቷል። መጀመሪያ የወጣሁት እኔ ስለሆንኩ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ያየው እኔን ባይሆን ኖሮ ይደነግጥ ነበር፣ ወደ ዋሻው ይሳብ ነበር። እኔን ሲያይ ግን ፊቱ በራ። ስድ ልጅ እንደሚገሥጽ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

"ምነው ጥሩነህ፣ ሳትጣራ?" አለኝ።

ሌላ ቃል አልተናገረም። ሹምባሹ በትከሻዬ በኩል ተኮሰ። ጉሬዛዎቹ ያኔ ሸሹ።

መሐንዲሱ መሬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አንድም ፎቶ አላነሣም። ሹምባሹን ለምኖ ሬሳውን ለዘመድ እንድንወስድ ያስፈቀደው እሱ ነው። አቀበቱን ስንወጣ ሲጋራ ሰጠኝ። ተቀበልኩ፣ ለኮሰልኝ፣ አጨስኩ። አዝኖልኝ ነበር።

እህቴ ከደጃፏ ቆማ ነበር። ሬሳውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ከለቅሶው በፊት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ተጣራህ?"

"ተጣራሁ እታለም፣ በአቦ። የውሃው ጩኸት ዋጠው።"

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቆም በሉልኝ። ሾላዋ ስር ፈርቼ ነበር፤ ሹምባሽ ነበር፣ ጠመንጃ ነበር። እህቴ ደጃፍ ላይ ግን ማን ነበር? ያሳደገችኝ ሴት ብቻ ነበረች። የመጀመሪያውን ኃጢአት ፍርሃት ሠራው እንበል፣ ሁለተኛውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ደንበኛ አድርጌ፣ በጠበሉ ባለቤት ስም ምዬ።

እሷ ግን አመነችኝ። "እኔ ነኝ እንግዲህ" አለች፣ ቀስ ብላ። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ በሠልስቱ ነው። የደብሩ ቄስ ቁስለኛውን ድምፅ ከሌለው ከላይኛው ኩሬ አስቀምጭው ብለዋት ነበር። እሷ ግን ብርቱ ውሃ ብርቱ ቁስል ያጥባል ብላ ፏፏቴው ስር አወረደችው። ድምፄን የዋጠው ውሃ እሷ የመረጠችው ውሃ ሆነ። እኔ የጣልኩትን እሷ አንሥታ ተሸከመችው።

ንስሐ ገባችበት። ቀኖና ተቀበለች። መስከረም በገባ ቁጥር ጉልበቷ እስኪላጥ ስትሰግድ አይቻታለሁ፣ ውሃ እንኳ አቀብያታለሁ። ወንዝ የሚሰማበትን ቤቷን ትታ ኮረብታ ላይ ወጣች። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ እንዳይሰማት ጆሮዋን በጥጥ ትወትፍ ነበር። እኔስ? ጣሊያን ሲወጣ የአርበኛ አማች ተባልኩ። በየድግሱ ከላይ አስቀመጡኝ። ታሪኩን ተናገር ሲሉኝ ተናገርኩ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ተጣራሁ፣ ውሃው ከለከለኝ እያልኩ አስለቀስኳቸው። እሷም አንዳንዴ እዚያው ተቀምጣ ትሰማ ነበር፣ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ።

ባለፈው ክረምት ታመመች። አልጋዋ አጠገብ ብቻችንን ነበርን። "ጥሩነህ" አለችኝ፣ "ከላይኛው ኩሬ ባስቀምጠው ኖሮ ይሰማህ ነበር?" የመጨረሻዋ ዕድሌ ነበረች፤ እያወቅሁ አሳለፍኳት። "እንጃ እታለም" አልኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ይሰማህ ነበር" አለች። በሦስተኛው ቀን አረፈች፣ ኃጢአቴን ይዛልኝ።

አርባዋን አውጥተን በማግሥቱ ብቻዬን ወደ ጠበሉ ሄድኩ። መስከረም ነበር፣ ውሃው እንደዚያን ጊዜው ሙሉ ነበር፣ ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንዲት ተስፋ ይዤ ነበር የሄድኩት። ማን ያውቃል፣ ብጣራም ላይሰማ ይችል ነበር። ውሸቴ ሳላውቀው እውነት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፣ አሁን ሳል የያዘኝ ጥርስ አልባ ሽማግሌ ነኝ። ሾላዋ ስር ቆሜ፣ ያቺን ምላሴ ላይ የቀረች ቃል አወጣኋት።

"መንገደኛ ነን" አልኩ። ጩኸትም አልነበረም፣ ማቃሰት ነው የሚመስለው።

አንድ አቡነ ዘበሰማያት መድገም ጀመርኩ። "ፈቃድህ" ከምትለው ሳልደርስ ከታች የሴት ድምፅ መጣ።

"ቆዩ አባቴ፣ ልብሳችንን እንልበስ።"

ቆየሁ። እስኪለብሱ ሳይሆን እስኪመሽ ቆየሁ። ይሰማል። በዚያ ድምፅ፣ በዚያ ውሃ ላይ፣ ይሰማል። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር የምትለኝ ኮረብታው ላይ የኖረችው ነበረች፣ የይቅርታዋን በር እኔ ዘጋሁባት። ብቻ እወቁልኝ፦ ውሃው አልዋጠውም፣ እህቴም አልበደለችም። አልተጣራሁም።