የበረንዳው ጣራ እስኪዘጋ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለልጄ አልነገርሁም፣ ለቄሳችንም አልነገርሁም። በአስተሰርዮ ጾም ሌላ ሌላውን በደሌን እየጠራሁ ይህን ዘልዬዋለሁ። አሁንም የምጽፈው ደፍሬ አይደለም። አንዲት ሴት ከጎንደር ልትመጣ ነው፤ ከእሷ አፍ ከመውጣቱ በፊት ከእኔ ይውጣ ብዬ ነው።

እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ ውስጥ ከልጄና ከምራቴ ከስንቅነሽ ጋር ምድር ቤት እኖራለሁ። የእኔ ክፍል ድሮ በረንዳ ነበር። ከእኛ በፊት የነበረው ሰው ዙሪያውን በመስታወት ዘግቶ፣ ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ አልብሶ ክፍል አደረገው። በበጋ ከቀትር በኋላ አይገባበትም። በክረምት ብርዱ ከአጥንት ይገባል፤ ዝናቡ ፕላስቲኩን ሲደበድበው ሰው አይሰማማም። ስድስት ዓመት እዚያ ተኛሁ። አንድ ቀን አላማረርሁም። ልጄ ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ እለዋለሁ፤ እሱም አመነኝ።

ከዚያ ለስንቅነሽ እናት ወደ እስራኤል መግቢያ ፈቃድ ወጣላቸው። ጎንደር ተከራይተው ብዙ ዓመት የጠበቁ ሴት ነበሩ፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። እራት ላይ ስንቅነሽ ለልጄ፣ «እናቴ ደረቷን ያማታል፤ ያ በረንዳ አንድ ክረምት አያከርማትም። ጣራው ይቀየር» አለችው። «ይቀየር» አለ። ስድስት ዓመት ከላዬ የነበረው ጣራ በአንድ ቃል ተነሣ። ወደ እኔ ዞራ፣ «ከእርስዎ ጋር ትተኛለች፣ እማማ። ጨዋታ አገኙ» አለችኝ። ሣቅሁላት። ያን ዕለት ቂም እንደ ያዝሁ ማን ያውቃል? እኔ አውቃለሁ።

ጣራ ሠሪው ሊለካ በሚመጣበት ቀን፣ ረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ። ያልጋነሽ ነበረች፣ የስንቅነሽ እናት የግድግዳ ጎረቤት። «እትዬ፣ ሴትዮዋ ዐርፈዋል። ትናንት ቀበርናቸው። ለልጅቱ በስልክ አልነግርም፤ እርስዎ በወጉ ያርዷት» አለችኝ። መርዶ በእኛ ዘንድ እንደዚያ ነው። ትልቅ ሰው ይቀበለዋል፣ ዘመድ ይሰበስባል፣ በማለዳ ቤት ድረስ ሄዶ ይነግራል። እስኪሰበሰቡ አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ይያዛል። እኔ ሃያ ሁለት ቀን ያዝሁት።

ጣራ ሠሪው ከሰዓት መጣ። የእኛው ሰው ነው፤ ግን እዚሁ የተወለደ ነውና አማርኛው አንቱታ አያውቅም። «ሳብታ፣ ጫፉን ያዢልኝ» አለኝ፤ በዕብራይስጥ አያቴ ማለቱ ነው። የሜትሩን ጫፍ ከግድግዳው አስጠግቼ ያዝሁለት። ለክቶ ሲጨርስ፣ «የጣራው ፓነል አንዴ ከተቆረጠ መመለስ የለም። እርግጠኛ ናችሁ አይደል?» አለ።

«እርግጠኞች ነን» አልሁት።

እኔ ነኝ ያልሁት። ሴትዮዋ ከሞቱ ጣራው ለማን ይቀየራል? ያሰብሁት ይህን ነው። ብነግራቸው ኖሮ ለእኔ ሲሉ ይቀይሩት አልነበረም ወይ? ምናልባት። ምናልባትን ፈራሁ። መልሱን ከመስማት መርዶውን መያዝ ቀለለኝ።

ፓነሉ ዘገየ። ስንቅነሽ በየቀኑ ከፋብሪካ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ለእናቷ ትደውላለች። የሚያነሣ የለም። ለያልጋነሽ «እስክናረዳት የእሳቸውንም የራስሽንም ስልክ አታንሺላት» ብያት ነበር፤ ወጉን የምጠብቅ መስሏት እሺ አለች። ለስንቅነሽ «መብራት ጠፍቶባቸው ይሆናል» አልኋት። በማግስቱ «ኔትወርክ ይሆናል» አልኋት። እሷ አዲስ ብርድ ልብስ ገዝታ፣ አጥባ፣ ከአልጋዬ ትይዩ በዘረጋችው አልጋ ላይ አነጠፈችው። እኔ ከዚያ አልጋ ፊት ለፊት ተኛሁ።

አሮጌው ጣራ የተነሣ ቀን ስንቅነሽ ባዶው አልጋ ላይ ተቀምጣ ሽቅብ አየች። «እናቴ ብታየው፣ ጣራ የሌለው ቤት አመጣችሁኝ ትል ነበር» ብላ ሣቀች። ትል ነበር አለች። ያወቀች መሰለኝ። አላወቀችም።

አዲሱ ጣራ ወፍራም ነው፣ ሙቀትም ብርድም አያሳልፍም። ሠሪው የመጨረሻውን ቀዳዳ በሲሊኮን ደፍኖ ሲወርድ፣ «ሳብታ፣ ከእንግዲህ ዝናብ ቢመጣም አትሰሚው» አለኝ።

በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎችን ሰብስቤ አረዳናት። መሬት ላይ ወድቃ ስታለቅስ ቆይታ፣ ቀና ብላ «መቼ?» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ተመለከቱ። «ከትናንት ወዲያ» አልሁ። ሰባቱን የኀዘን ቀን ከዚያ ቆጥራ ተቀመጠች። ያልጋነሽም በስልክ አብራት አለቀሰች፤ በለቅሶ መካከል ቀን የሚቆጥር የለም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እኔ በሰጠኋት ቀን ሻማ ታበራለች፣ ተዝካር ታወጣለች፣ ቄሱ ይጸልያሉ። እኔም ከፊት ተቀምጬ አሜን እላለሁ። ባለፈው ዓመት በእውነተኛው ቀን ሠርግ ተጠርተን ነበር። ስትጨፍር ቁጭ ብዬ አየኋት። ይህን የሚያይ ዓይን ምን ይባላል?

ያልጋነሽ ፈቃዷ ወጥቶ በሚመጣው ሳምንት ትገባለች። ስንቅነሽ እኛ ዘንድ እንድትሰነብት ለምናታለች፤ የምትተኛው እዚሁ፣ ትይዩ ባለው አልጋ ነው። ክፉ ሴት አይደለችም። ስለ ቀብሩ ትጠየቃለች፣ የነበረውንም ትናገራለች።

ዛሬ ሲዘንብ ዋለ። ውሃው በመስታወቱ ላይ ሲወርድ አያለሁ፤ ከላይ ግን ምንም አይሰማም። ክፍሉ ሞቃት ነው። ስድስት ዓመት በርዶኝ ነበር ብዬ አላመካኝም። ብርዱ አፌን አልዘጋውም፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

መርዶ ነጋሪ ብቻውን አይሄድም። እኔ ግን ነገ ማለዳ፣ ስንቅነሽ ለሥራ ሳትወጣ፣ ማንንም ሳልጠራ በሯን አንኳኳለሁ። ይቅር በይኝ ማለት ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም። ቀኑን እነግራታለሁ።