ከደጄ የተነሣው ድንጋይ

በየከተማችን የብረት አጥር የታጠረለት፣ ጽሑፍ ያለበት ሐውልት አይጠፋም። ፍየሎች ጥላውን ይወዱታል፤ ቆሞ የሚያነበው ሰው ግን አላየሁም። ጅጋ ገበያ ዳር፣ በእህል መደብሬ ደጅ ያለው ድንጋይ ምንም አልተጻፈበትም፤ አገር ግን ያውቀዋል።

እዚያ ቦታ ሰው ተገድሏል። እኔ ሳልወለድ ነው። ሽማግሌዎች የሟችንና የገዳይን ወገን ሲያስታርቁ፣ ሁለቱም ወገን አንድ ድንጋይ ተጋግዘው አምጥተው እዚያው አኖሩት። አባቴ ሙስሊም ነጋዴ፣ ከሁለቱም የማይዛመድ ነበርና "አደራው ያንተ ነው፤ ድንጋዩ ከተነሣ ዕርቁም ተነሣ" አሉት። ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን የሟች ወገን አህያውን ከድንጋዩ በላይ፣ የገዳይ ወገን ከድንጋዩ በታች ያስራል። ሰላምታ የለም፤ ጠብም የለም። አባቴ ሲሞት ሁለቱንም ወረስሁ፤ መደብሩን በደስታ፣ ድንጋዩን በግዴታ።

መንገድ ተዘግቶ ከርሞ በተከፈተ ሰሞን፣ በገበያ ቀን ማለዳ፣ አንድ የጭነት መኪና መጥቶ በቆሎዬን ጫነ። ሾፌሩ ለጅጋ እንግዳ ነው። ደጄ ቁልቁለት ስለሆነ ከጎማው ሥር ታኮ የሚሆን ድንጋይ አንሥቶ አደረገ። የኔ ዓይን ጆንያው ላይ ነበር። መኪናው ሄዶ አቧራው ሳይረጋ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

"ድንጋዩስ?"

የሟች ልጅ ነው፤ አሁን እሱም ሸምግሏል። ድንጋዩ የነበረበትን ጎድጓዳ በዱላው ይነካካል።

"አያ፣ ሾፌሩ ሳያውቅ ወስዶት ነው። አመጣዋለሁ።"

"እነዚያስ እንዲህ ስትላቸው ያምኑሃል?" የገዳይ ወገን ወደሚመጣበት ወደ ታችኛው መንገድ ጠቆመ። "እኔ ያነሣሁት ይመስላቸዋል። ልጆቼ ደግሞ እነሱ ያነሡት ነው የሚመስላቸው። ገበያው ሳይፈታ አምጣው። ከዚያ ወዲያ ልጆቼን የምይዝበት አቅም የለኝም።"

ለሾፌሩ ደወልሁ።

"አባው፣ ከደጄ ድንጋይ ወስደሃል?"

"ኧረ እንዴት ያለ ታኮ ነው!" አለኝ በደስታ። "እንዲህ ያለውን ጥሎ አይኬድም!"

በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ነገር አሳድጃለሁ፤ ገዥ፣ ደላላ፣ የጠፋች በቅሎ። ድንጋይ ሳሳድድ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ፍኖተ ሰላምን፣ ማንኩሳን በሚኒባስ አልፌ ቡሬ ደረስሁ። መኪናው እህል ማራገፊያው ዳገት ላይ ወረፋ ይዟል። አደራዬ ከኋላ ጎማው ሥር ተሰንቅሯል።

"ፍሬኑን አላምነውም" አለ ሾፌሩ። "አሁን ባነሣው መኪናው ከኋላችን ያለው ሻይ ቤት ገብቶ ሻይ ያዛል። ሌላ ውሰድ እንጂ፣ ቡሬ ድንጋይ ቸገረው?"

አሰብሁት። ነጋዴ ነኝ፣ እንዴት አላስብም? ግን የሟች ልጅ ያንን ድንጋይ ከአባቱ ፊት ይልቅ ያውቀዋል።

ሁለት ጉርድ ግንድ ለምኜ አመጣሁና ከጎማዎቹ ሥር ወሸቅሁ። ሾፌሩ ፍሬን ረገጠ፤ እኔ ድንጋዩን በመዶሻ መታሁት። አልወጣም። ደገምሁት። ፈልቀቅ ሲል መኪናው ወደ ኋላ ዘመመ፤ የሻይ ቤቱ ሰዎች ብርጭቋቸውን እንደያዙ ተነሡ። ግንዱ ተንቋቋ፤ ያዘ።

ሚኒባስ ውስጥ ታቅፌው ተቀመጥሁ። ረዳቱ "አባት፣ ልጁ ማንን መሰለ?" አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

ስደርስ ገበያው ሊፈታ ነው። አህዮቹ ተደባልቀዋል፤ ባለቤቶቻቸው አልተደባለቁም። ሁለቱም ወገን ዱላ ይዞ በየጎኑ ቆሟል። ድንጋዩን ከጎድጓዳው አጠገብ አወረድሁት። የሟች ልጅ ጎንበስ ብሎ ገለበጠው።

"ይህ ጥቁርስ?"

ጭቃ ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"የጎማ ነው፣ አያ። ቡሬ ላይ መኪና አቁሞ ነው የመጣ።"

ከታች በኩል የገዳይ ወንድም ልጅ ድምፁን አሰማ።

"ባዶ መኪና ነው ወይስ የጫነ?"

"እስከ አፍ ገደፉ በቆሎ።"

"በዳገት?"

"በዳገት።"

"አልተንሸራተተም?"

"እሱ ከሥሩ ሳለ አልተንሸራተተም።"

የሟች ልጅ ድንጋዩን ሊያነሣ ሞከረ፤ ወገቡ አልታዘዘውም። ልጆቹ ሊያግዙት ሲመጡ በእጁ መለሳቸው። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ታች አየና፣ በዕድሜዬ አይቼው የማላውቀውን ነገር አደረገ፤ የገዳዩን ወንድም ልጅ ራሱ አናገረው።

"ምን ትገተራለህ? ድሮም ብቻችንን አላመጣነውም።"

ሰውየው ዱላውን መሬት ላይ ጥሎ መጣ። ተጋግዘው ከቦታው መለሱት። ከዚያ ሁሉም አህያውን ለይቶ፣ እንደ ወትሮው ያለ ሰላምታ ሄደ።

እኔ በማግስቱ አናጢ ቤት ሄጄ ሁለት የወይራ ታኮ አሠራሁ። ከመደብሬ በር ላይ ተሰቅለዋል። መኪና ሲመጣ ሾፌሩ ሳይወርድ ይዤለት እሮጣለሁ። "እንዴት ያለ ደግ ነጋዴ ነው" ይላሉ። አላርማቸውም።