መብራት በሌለበት የጮኸው ደወል

መብራት ሄደ... ደወሉ ግን ጮኸ።

ሆሳዕና ከተማ ነው፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ። ከዶዮገና የመጡ እንግዶች ለምርጥ ተሞክሮ ልውውጥ ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ዳይሬክተሩ ማይክ ይዞ እኔን እያሞገሰ ነው። ድንገት ማይኩ ዝም አለ፣ አምፖሉም ጠፋ። ወዲያው ከውጭ ጓ... ጓ... ጓ... የእረፍት ደወል። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ዳይሬክተሩ ደስ ብሎት «አያችሁ? መብራት ቢሄድም አይቆምም» አላቸው።

እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። ደወሉን የሠራሁት እኔ ነኛ... ባትሪ የሚባል ነገር የለውም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሁሉም መሥሪያ ቤት ካይዘን ካይዘን የሚልበት ጊዜ ነበር። እዚያ ትምህርት ቤት ደወል ማለት ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፣ የሚመቱት ደግሞ የግቢው ዘበኛ ጋሽ ላምቦሬ ናቸው። ዳይሬክተሩ ዘመናዊ እንሁን ብሎ እኔን አስጠራኝ። እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፣ እሱ ግን ኢንጂነር ነው የሚለኝ። ደስ ስላለኝ አላረምኩትም።

መዳፍ የምታክል አሮጌ የኮምፒውተር ቦርድ ነበረችኝ፣ ማስቀመጫዋ ስምንት ሜጋባይት ብቻ። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም እዚያች ውስጥ ለማስገባት ሳምንት ሙሉ ታገልኩ። ሩት ፋይል ሲስተም የሚባለው፣ ያለሱ ቦርዷ የማትነሳው መሠረቱ ነው። ከሱ ላይ የማያስፈልገውን ስቀንስ፣ ስቀንስ... በመጨረሻ ልክክ ብሎ ገባ። የተረፈችው ቦታ ኢምንት ናት። ተማሪው የለመደው ድምፅ እንዳይቀየርበት የጋሽ ላምቦሬን የቸርኬ ምት ቀድቼ ጫንኩ፣ ሰዓቱ ሲደርስ በድምፅ ማጉያ ትለቀዋለች። ስቀዳ ታዲያ ከሦስተኛው ምት በኋላ በሩ ላይ የቆመ የጋሪ ፈረስ አሽካካና አብሮ ገባ። ሰልችቶኝ ስለነበር ተውኩት።

ጋሽ ላምቦሬ በስብሰባ መሀል ተነስተው ይሄ ነገር አይሆንም ብለው ነበር። ማን ይስማቸው... ቀን ደወል የሚመታ ሰው አያስፈልግም ተባለና ወደ ማታ ጥበቃ ተዛወሩ። እኔም ለሥራ ዱራሜ ሄድኩ። ሦስት ወር ሙሉ ዳይሬክተሩ ስልክ እየመታ ደወሉ አንዲት ደቂቃ አልሳተም ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ደረቴን እነፋለሁ።

እንግዶቹ የሚመጡበት ቀን ተጠርቼ ከዱራሜ ስመለስ፣ ጠዋት በር ላይ ጋሽ ላምቦሬን አግኝቻቸው ነበር። ከስተዋል፣ ዓይናቸው ደም መስሏል። ደህና ነዎት ወይ ስላቸው «ደህና ነኝ ልጄ፣ ደህና ነኝ» አሉኝ። የማታ ተረኛ ናቸው፣ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ነው ብዬ አለፍኩ።

እና አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ሲያጨበጭብ እኔ ፈረሱን ነበር የምጠብቀው። ሦስተኛው ምት አለፈ... ፈረሱ የለም። ሽንት እንደያዘው ሰው አጎንብሼ ወጣሁና ድምፁ ወደመጣበት፣ ወደ መጋዘኑ ጀርባ ሮጥኩ።

ጋሽ ላምቦሬ ናቸው። ቸርኬውን ግድግዳው ላይ አንጠልጥለው፣ መምቻ ብረቱን እንደያዙ ቆመዋል። እግራቸው ሥር የማዳበሪያ ከረጢት ተነጥፏል፣ ከረጢቱ ላይ ሞባይላቸው አለች።

«ደወልህ ዝም ካለች ቆየች ልጄ» አሉኝ። በሁለተኛው ሳምንት፣ እሳቸው ጠዋት ከጥበቃ ሲወጡ፣ ተማሪው ፈተና ላይ እያለ ነው የቆመችው። ሮጠው ቸርኬውን ከመጋዘን አውጥተው መቱ፣ ማንም አላወቀም። ከዚያ ወዲያ መምታት ሆነ ሥራቸው። ለምን አልተናገሩም አልኳቸው።

«እሷ ያለችበት የቢሮው ቁልፍ እኔ ጋ ነው። በስብሰባም ተቃውሜያለሁ። ላምቦሬ ቀንቶ ሰበራት ብለው ያባርሩኛል። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?»

ታዲያ መቼ ነው የሚተኙት ስላቸው ከረጢቱን አሳዩኝ። ሌሊቱን ሲጠብቁ ያድራሉ። ቀን በሁለት ደወል መሀል አርባ ደቂቃ ይተኛሉ፣ ሞባይሏ ትቀሰቅሳቸዋለች፣ መትተው መልሰው ይተኛሉ። ሦስት ወር እንዲህ... እዚያው ከረጢቱ ላይ ቁጭ አልኩ። እሳቸው ደግሞ ለዳይሬክተሩ እንዳትነግርብኝ እያሉ ይለምኑኛል።

ቢሮ ገብቼ ቦርዷን ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ አስነሳኋትና መዝገቧን ከፈትኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ። ስሞክራት በየደቂቃው «ደህና ነኝ» ብላ እንድትጽፍ አዝዣት ነበር፣ ማጥፋቱን ረስቼዋለሁ። ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ... እያለች ያቺን ኢምንት ቦታ ሞላቻት። በአሥራ አንደኛው ቀን መጻፊያ ስታጣ ፕሮግራሙ ቆመ። ማንም አልነካትም። ጥፋቱ የኔ የራሴ ነው፣ ማስረጃውም እዚያው ተጽፎ ቁጭ ብሏል።

ላፕቶፑን ታቅፌ አዳራሽ ተመለስኩና እንግዶቹ ፊት ሁሉንም ተናገርኩ። እፍረቱን ተዉት። ዳይሬክተሩ ስክሪኑን አየ፣ አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ታዲያ ሦስት ወር ማን ነው የደወለው?»

«ጋሽ ላምቦሬ።»

«ሌሊቱን የሚጠብቁትስ?»

«እሳቸው ናቸው።»

ከዶዮገና የመጣች አንዲት መምህርት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዳይሬክተሩ ማይኩን አስቀመጠና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቆይቶ ራሱ ተነስቶ ወደ መጋዘኑ ጀርባ ሄደ፣ ጋሽ ላምቦሬንም እስከ በሩ ሸኝቶ ገብተው ይተኙ አላቸው። በማግሥቱ እሳቸውም ወደ ቀን ሥራቸው፣ ቸርኬውም ወደ ዛፉ ተመለሱ። እኔ ቦርዴን ነቅዬ ሄድኩ፣ የዶዮገናዎቹም ያለ ምርጥ ተሞክሮ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ማሽንም ይሁን ሰው «ደህና ነኝ» ሲለኝ ዝም ብዬ አላልፍም... ሁለቴ እጠይቃለሁ።