ነቢይ ያልሆነው ወንድሜ

ስምዖን ማረፉን የሰማሁት ቡራዩ ገበያ ድንች እየመረጥኩ ሳለ ነው። የደወለልኝ ጓደኛው ጉታ ነበር። ሻጯ ፌስታሉን ከእጄ ተቀብላ ወንበር ሰጠችኝ።

ታናሽ ወንድሜ ስምዖን በሥራ ቀን የመብራት መስመር ይዘረጋ፣ በእረፍቱ ደግሞ በየሠርጉና በየልደቱ ማጂክ ይሠራ ነበር። ከሰው ጆሮ እንቁላል ሲያወጣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

"እጅጌህን ሰብስብ፣ አንተ ሌባ!" ይሉታል።

ይሰበስባል፤ እንቁላሉ እንደገና ይወጣል። እውነት ነው ብሎ የሚያምን የለም። ደስታው እጅ ከፍንጅ ለመያዝ መሞከሩ ላይ ነው።

በኋላ ሐሳብ ማንበብ ጨመረ፤ ባለሙያዎቹ ሜንታሊዝም የሚሉትን። አንድ ሰው የሚወደውን ሰው ስም ወረቀት ላይ ጽፎ ያጥፋል፤ ስምዖን ወረቀቱን ቀዳዶ ይጥልና ስሙን ይናገራል። ያኔ የሚስቅ የለም። እጁን መጠበቅ ትተው አፉን ያያሉ።

ሰበታ አንድ ሠርግ ላይ፣ ከወላይታ መጥተው እዚያ የሚኖሩ ወይዘሮ አጸደ የሚባሉ እናት የልጃቸውን ስም ጻፉ።

"ኤልሳቤት" አለ ስምዖን።

ሲወጣ ተከተሉት። "ጌታ ስሟን ካሳየህ ያለችበትንም ያሳይሃል። ዱከም ፋብሪካ ገብታ ስልኳ መሥራት ካቆመ መንፈቅ አለፈ። ንገረኝ።"

"እኔ ነቢይ አይደለሁም፣ እናቴ።"

"ነቢያቱም መጀመሪያ እንደዚሁ ነው የሚሉት።"

ሌላ ወረቀት አጻፋቸው። ወረቀቱን ሲቀድ ስሙ የተጻፈበትን መሐል መዳፉ ውስጥ አስቀርቶ እንዴት እንደሚያነበው ቀስ ብሎ አሳያቸው። ቁራጩን ተቀብለው አገላበጡት።

"ታዲያ አንተ ምንድን ነው የምታውቀው?"

"የዱከም ሚኒባስ የሚያዝበትን።"

ሳቃቸው መጣ።

ከዚያ ወዲህ እረፍት ሲያገኝ አብረው እየሄዱ፣ በየፋብሪካው በር ፎቶዋን ያሳዩ ጀመር። ሠርግ ላይም ወረቀት ከማደሉ በፊት "ጨዋታ ነው፤ ስለጠፋ ሰው አትጠይቁኝ" ይላል።

በመጨረሻ ከኤልሳቤት ጋር ቤት ተከራይታ የነበረች ዳና የምትባል ልጅ አገኙ። ኤልሳቤት ደህና ናት። ስልኳ ተሰርቆ ቁጥሩ ሁሉ ጠፍቶባታል፤ ሰበታ ብትመጣም እናቷ ቤት ቀይረው ነበር። አሁን ሱሉልታ ሥራ ይዛለች፤ የትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ግን ዳና አታውቅም። ሱሉልታ ሊሄዱ ተቀጣጥረው ሳለ ስምዖን ታመመ፤ ከዚያም አልተነሳም።

ለቅሶው ላይ ወይዘሮ አጸደ አጠገቤ ተቀመጡ።

"የሱሉልታ ሚኒባስ የት ነው የሚያዘው?" አሉኝ።

"እኔ አሳይዎታለሁ" አልኳቸው።

ትናንት፣ ቅዳሜ፣ አብረን ሄድን። አንድ ዘበኛ ፎቶዋን ትኩር ብሎ አይቶ፣ "የምትመስላት ልጅ አለች፤ ዛሬ ግን ፈረቃዋ አይደለም፤ ሰኞ ኑ" አለን። ወይዘሮ አጸደ መንገዱን ሙሉ ሲያወሩ መጡ።

ነገ ሰኞ ነው። ኤልሳቤትን ገና አላገኘናትም።