ሽማግሌ የመለሰ አባት

ዲላ ውስጥ ሚስማር፣ ቆርቆሮና ቀለም እሸጣለሁ። ደንበኛ ሲጠፋ ባንኮኒው ላይ ተደፍቼ በስልኬ እጽፋለሁ። ስለ ፖለቲካና ባህል የሚጽፍ አንድ የኢንተርኔት መጽሔት አለ፤ አዘጋጁ አዲስ አበባ ነው፣ የባህሉን ዓምድ የያዝኩት እኔ ነኝ። ወግ አጥባቂዎች ይሉናል። ስድብ መስሏቸው ነው፤ እኛ ግን ማዕረግ አድርገነዋል።

የጻፍኩትን ሁሉ አምኜበት ነው የጻፍኩት፣ ይህ ይታወቅልኝ። አንዱ ጽሑፌ ስለ ሽማግሌ ነበር። የዛሬ አባት ሽማግሌ ገና በሩን ሳያንኳኳ «እሺ» ይላል፣ ልጁ የሰለቸችው ይመስል። የድሮ አባት ግን «ዘመድ ላማክር» ብሎ ይመልሳል፣ ጉዳዩ እስኪያልቅም እህል ውሃ አይቀርብም፤ የልጅ ክብር ማለት ይህ ነው አልኩ። ብዙ ሰው ተቀባበለው።

ከዚያ ለገዛ ልጄ ሽማግሌ መጣ። ልጄ እዚሁ ዲላ አስተማሪ ናት። ሽማግሌ የላከው ልጅም አብሯት የሚያስተምር፣ ፍስሐ ገነት በምትባል ከተማ የሚኖር የቡና ገበሬ ልጅ ነው። እነሱ ጌዴኦና ጴንጤ ናቸው፤ እኛ ኦርቶዶክስ ነን፣ አባቴ ለንግድ ከላይ አገር መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነበር። በሃይማኖቱ ነገር ከባለቤቴ ጋር ስንጨቃጨቅ ከርመን፣ በመጨረሻ «ይሁን፣ ደህና ልጅ ነው» ያልኩት እኔው ነኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝም ነበር።

የልጁ አባት ከቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ጋር በዝናብ መጡ። ጓዳ ውስጥ ዶሮው ደርሷል፣ ሽታው ሳሎኑን ሞልቶታል። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው» አሉ። እሺታዬ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ግን ያን ሁሉ ጽፌ እንዴት ብዬ? አንባቢ ምን ይለኛል? ጎሮሮዬን ጠራረግኩና «ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» አልኩ። ውሃ እንኳ አላቀረብኩም። የልጁ አባት ረጋ ብለው «ገብቶናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉና ወጡ። በማግስቱ ስም ሳልጠራ «ትናንት ሽማግሌ መለስኩ» ብዬ ጻፍኩ። አንበሳ፣ የአባት ልክ እያሉ አጨበጨቡልኝ።

ሽማግሌዎቹ ግን የውሃ ሽታ ሆኑ። ቆርቆሮ እየለካሁ መንገድ መንገዱን አያለሁ፤ ማንም የለም። አንድ ማታ እራት ላይ ልጄ እጇን ሰበሰበች።

«አባዬ፣ እነሱ ቤት ዘመድ ላማክር የሚባል ነገር የለም። እሺ ካላልክ እምቢ ነው። ውሃ የነሳን ሃይማኖታችንን ተጸይፎ ነው ብለዋል።»

«ወጉ እኮ ነው።»

«የማን ወግ?»

ባለቤቴ «እንግዲህ ለመጽሔትህ ዳራት» አለችና ሳህኑን አነሳች።

የት አባቴ ልግባ። ሰው እንዳልልክ፣ የሴት ልጅ አባት ደጅ አይጠናም ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ዝም እንዳልል፣ ልጄ ዓይኔ እያየ ከሳች። ጽሑፉን አንሳልኝ ብዬ ለአዘጋጁ ብደውል «እንዴ ጋሼ፣ እንዲህ የተነበበውን?» አለና ጭራሽ ከላይ ሰቀለው። በገዛ ቆርቆሮዬ ዙሪያዬን አጥሬ በር መተው እንደረሳ ሰው ሆንኩ።

አንድ ቅዳሜ ዓይኔን በጨው አጥቤ ፍስሐ ገነት ሄድኩ። የልጁን አባት የተሰጣ ቡና ሲያገላብጡ አገኘኋቸው። አስገቡኝ፤ ገና አፌን ሳልከፍት ቆጮና ጎመን ቀረበ። አንገቴን ደፍቼ በላሁ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«እምቢ ማለቴ አልነበረም፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«እኔ ሰምቻለሁ። ልጄም ልጅዎን ይወዳል» አሉኝ። «ግን እኛን መመለስዎን አገር አንብቦታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይቀር ይጠይቁኛል። ይህን ይቅርታዎንም አገር ያንብበው፣ ከዚያ እንመጣለን።»

ቤት ገብቼ ጻፍኩና ላክሁ። የአዘጋጁ መልስ አልዘገየም። «ጋሼ፣ የሴት ልጅ አባት የሚለምንበት ጽሑፍ የእኛ መስመር አይደለም። ሌላ ቦታ ካወጡት ደግሞ ዓምዱን ለሌላ ሰው መስጠታችን ነው።» በዚህ ከተማ ሰው «ጸሐፊው» ብሎ የሚጠራኝ በዚያ ዓምድ ነው፤ ያለሱ ሚስማር ሻጭ ነኝ። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ልጄ «አወጡት?» ስትለኝ «እያዩት ነው» አልኳት። አላመነችኝም። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም።

ስለዚህ ይኸው፣ በራሴ ገጽ ላይ ጻፍኩት። ዓምዱን ለፈለገው ይስጠው። የልጁ አባት፣ ልጅዎ ያነብልዎት እንደሆነ ይስሙኝ። የመለስኳችሁ ልጁን ጠልቼ አይደለም፣ ሃይማኖታችሁንም ተጸይፌ አይደለም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። አሁን ያው ሰው ሁሉ እየሰማ እለምንዎታለሁ፣ ልጄን ለልጅዎ ይውሰዱልኝ። ዛሬ ሱቅ አልከፈትኩም፣ ቤት ነኝ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ የምጽፈውን እያነበበች ነው፤ ገና አላናገረችኝም።