ቦሌ ሣር ጠፍቶ ነው?

በደርግ ዘመን የአውሮፕላን አስተናጋጅ ነበርኩ። ሮምም ሆነ ቦምቤይ ስናድር ጓደኞቼ ጫማ ሊገዙ ሲወጡ፣ እኔ የየአገሩ ዕፅዋት ወደሚታዩበት የአትክልት ስፍራ እሄድ ነበር።

«ቦሌ ሣር ጠፍቶ ነው?» ትለኝ ነበር አንዷ።

በኋላ ጆሮዬ ታሞ ከበረራ ታገድኩ። ቢሮ ውስጥ ተዘግቶብኝ እንዳልቀር ስለሰጋሁ የአውሮፕላን ማረፊያው አትክልት ክፍል እንዲመድቡኝ ጠየቅሁ። ኃላፊው ባለታኮ ጫማዬን እያዩ፣ «ጓዲት፣ እዚህ እኮ ጭቃ ነው» አሉኝ።

«የሮሙም ጭቃ ነው» አልኳቸው። ሳቁና ተቀበሉኝ።

አንድ ቀን ያቺ ጓደኛዬ ከበረራ ስትመለስ ጽጌረዳ ስኮተኩት አገኘችኝ። ከገዛችው አዲስ ጫማ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ የአበባ ዘር አውጥታ፣ «እንኪ ሣርሽን!» አለችኝ።

መንገደኞች በሚወጡበት በር አጠገብ ዘራሁት። ሲያብብ ቀድማ ያየችው እሷ ነበረች።