የዘሃራን ለቅሶ ለመድረስ

ከጧቱ አንድ ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ

ለቅሶ ልደርስ ነው የምሄደው። ሟቿን በዓይኔ አይቻት አላውቅም፤ ስሟን የሰማሁትም ከሞተች በኋላ ነው። ዘሃራ ትባላለች። ከአሊዩ አምባ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ወልዳ ደም ፈሷት ሞተች። አንተ ምን አገባህ ለምትሉኝ፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር መሠረት ያን ሰዓት እኔ ከምሰጠው ስልጠና ላይ ነበረች። ስልጠናው ስለ አመራር ነበር። ይህን ስጽፍ ራሴን ያመኛል።

ሲስተር ከእኔ ቀድማ ደርሳ፣ በጋቢ ተጠቅልላ ቆማለች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሻይና ዳቦ አዘዝኩላት፤ ዳቦውን ቆርሳ ቆርሳ ሳትቀምሰው ተወችው። የአንኮበር ሚኒባስ በሰው መቶ ሃምሳ ብር አለን። ሌላ ቀን ቢሆን ከረዳቱ ጋር ሳልጨቃጨቅ አልገባም ነበር፤ ዛሬ ዝም ብዬ ከፈልኩ።

ሁለት ሰዓት፣ በመንገድ ላይ

ሜዳው የታጨደ ገብስ ነው። በየደጃፉ ኩበት ተከምሯል፣ በጉም መሀል በጎች ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ሲስተር በመስኮት ታያለች። ይህን ጊዜ እኔ የሆነውን ላውራችሁ።

የስልጠናው ሁለተኛ ቀን ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ገብቼ፣ ሁላችሁም ስልካችሁን አጥፉ አልኩ። ቀልድ ይቀናኛልና “ጤና ጣቢያችሁ ያለ እናንተ ግማሽ ቀን መቆም ካቃተው፣ እናንተ መሪ ሳትሆኑ ምሰሶ ናችሁ” ብዬ ጨመርኩ። አዳራሹ ሳቀ። ሲስተርም ስቃ አጠፋች።

በዚያው ሰዓት ዘሃራ ሴት ልጅ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል። አዋላጇ ሐያት የምታውቀውን ሁሉ አድርጋለች፤ መርፌውን ወጋች፣ ግሉኮስ ሰካች፣ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈች። አምቡላንሱ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ግን ከሲስተር አፍ ትእዛዝ ካልወጣ አይነቃነቅም። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት፣ በደህና ምክንያት፤ ድሮ የነበረው ሾፌር ሚዜ ያመላልስበት ነበር። በዚህ ጥብቅነቷ በየስብሰባው ተመስግናለች። እኔም አመስግኛታለሁ።

ወደ ስልጠናው ስትመጣ ለሐያት የውክልና ደብዳቤ ሰጥታታለች። ደብዳቤው “የዕለት ተዕለት ሥራዎችን” ይላል፤ ስለ አምቡላንስ ቃል የለበትም። ያሁኑ ሾፌር ደግሞ አንድ ጊዜ ሳያስፈቅድ ወጥቶ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ነው፣ አልነዳም አለ። ሐያት አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች። ስድስት ተኩል ላይ ለምሳ ስንወጣ ሲስተር ስልኳን ከፈተች፣ ደውላ አምቡላንሱ አሁኑኑ ይውጣ አለች፣ እዚያው በረንዳው ላይ ቁጭ አለች።

አራት ሰዓት፣ ከአንኮበር ቁልቁል

አንኮበር ላይ ወደ ቆላ የሚወርድ አይሱዙ አገኘን። መንገዱ ጠጠር ነው፣ ጥምዝምዝ፣ በአንድ በኩል ገደል። ጆሮዬ ተደፈነ፤ እየወረድን ስንሄድ ጋቢያችንን አወለቅን። አንድ ኩርባ ጋ ስንደርስ ሲስተር ሾፌሩን አስቆመችው። “ዘሃራ እዚህ ጋ ነው ያረፈችው፣ አምቡላንሱ ውስጥ” አለችኝ። አንኮበር እንኳ አልደረሰችም። ወርዳ ትንሽ ቆመች፣ ተመልሳ ገባች።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ጤና ጣቢያው

ሐያት ማዋለጃ ክፍሉን እያጠበች ነበር። የዚያው አገር ልጅ ናት፣ ሥራ ከጀመረች ሦስት ዓመቷ። ሥራዋን አሳምራ እንደምታውቅ የሞላችውን ካርድ አይቼ ተረዳሁ፤ እኔም ነርስ ነበርኩ። ልቆጣት አልመጣሁም፣ ግን አላስቻለኝም።

“መኪናው እደጅሽ ቆሞ፣ ምነው ሾፌሩን ውጣ ብትዪው?”

“ማን ነኝ ብዬ ጋሼ?” አለችኝ። “በሦስት ዓመት አንድ ነገር በራሴ ወስኜ አላውቅም። ልወስን ስልም ሲስተርን ጠይቂ ነው የምባለው።”

ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ሰማቻት። ገብታ ከሐያት እጅ መጥረጊያውን ተቀበለቻትና ወለሉን ማጽዳት ጀመረች፣ እያለቀሰች። ይቺን ሴት ስወቅሳት የከረምኩት እኔ፣ ያን ጊዜ አንጀቴን በላችው።

ስምንት ሰዓት፣ ለቅሶው ቤት

ሲስተር ወደ ሴቶቹ ገባች። እኔ ዳሱ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ፤ ንፍሮ ቀረበ። የዘሃራ ባል ሰይድ ገና ወጣት ነው፣ ማሽላ አምራች። አላህ ይማራት፣ ያጽናህ አልኩት። ቀጥዬ፣ ስልኩን ያስጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩት። ይህን ሳልናገር ብመለስ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ አውቀዋለሁ።

የንፍሮውን ሳህን ወደ ጎን ገፋ።

“ያን ቀን አይሱዙ ገበያው ላይ ነበር” አለ። “ወንድሜ ባለ መኪናውን ለምኖ እሺ አሰኝቶታል። ልንጭናት ስንል፣ ቆዩ፣ የአምቡላንሱ ፈቃድ አሁን ይመጣል አሉን። ቆየን። ባንቆይ ትድን ነበር?”

ዙሪያውን የተቀመጡት ሽማግሌዎች የአላህ ቀደር ነው፣ ቀኗ ደርሶ ነው፣ ተው አሉት። እሱ ግን ዓይኑን ከኔ አልነቀለም። ቀኗ ነው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

“ሳትድን አትቀርም ነበር” አልኩት።

“እስካሁን የመጣው ሁሉ ቀኗ ነው እያለኝ ሄደ” አለኝ። ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ፤ ሕፃኗ እያለቀሰች ነበር። እኔን ቆይ ያለኝም የሸኘኝም አልነበረም።

በማግስቱ፣ ደብረ ብርሃን

ሲስተር ከሐያት ጋር እዚያው ቀረች። ሥራዬን ልልቀቅ ወይ ብላ ጠይቃኝ፣ መልቀቁ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ያን ደንብ ሻሪው አልኳት። ብቻዬን አንኮበር አድሬ ጧት ገባሁ።

ስንት ዓመት ኃላፊዎችን እንዴት እንደሚያዝዙ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ሳይፈሩ የሚወስኑ ሰዎችን እንዴት እንደሚያፈሩ ያስተማርኩት ግን ሁለት ገጽ አይሞላም። ሐያት እጇ ሁሉን ያውቃል፤ ማን ነኝ እንድትል ያደረግናት ግን እኛ ነን። ለጥብቅነት ስናጨበጭብ፣ በቀልድ ስንስቅ።

ቢሮ ስገባ የስልጠናው ሪፖርት ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። “ስልጠናው በታቀደው መሠረት በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል” ይላል፤ የእኔ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ከሥሩ በእጄ ጻፍኩ፦ በስልጠናው ሁለተኛ ቀን ዘሃራ የምትባል እናት፣ ኃላፊዋ እኛ ዘንድ ስለነበረች፣ ፈቃድ ሲጠበቅ ዘግይታ መንገድ ላይ ሞታለች። ፈርሜ ሰጠሁ። አለቃዬ አንብቦ፣ ይህ ከስልጠናው ጋር ምን ያገናኘዋል፣ አውጣው አለኝ። አላወጣም አልኩ።

ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ሪፖርቱ አልተላከም። በጠየቅኩ ቁጥር የሚሰጡኝ መልስ አንድ ነው፤ የበላይ ፈቃድ እየተጠበቀ ነው ይሉኛል።